ከቤት የመጣ ውሃ

«ይሄ ኢብሪም አይደለም» ትላለች ሐጃ ናብራ። «ሪየስ፣ ሌላ ቦታ ነው ያመጣኸኝ።»

ሪየስ የጀልባ ካፒቴን ማለት ነው፤ እኔ ነኝ። ሞተሩን ቀነስ አደርጋለሁ። የኢብሪም ምሽግ ከፊታችን ነው። የአስዋን ግድብ ያቆረው ሐይቅ የግንቡን ሥር ይልሳል።

«እሱ ነው» እላታለሁ።

«የኛ ኢብሪም ሰማይ ላይ ነበር። ቀና ብለን ስናየው ሻሻችን ይወድቅ ነበር።»

«ዝቅ ያለው እሱ አይደለም፣ ሐጃ። ከፍ ያልነው እኛ ነን።»

ሐጃ ናብራ የጀልባዋ ወጥ ሠሪ እናት ናት። ልጇ ለምኖኝ ከጣሊያን ጎብኚዎቹ ጋር ጫንኳት። ከአስዋን ጀምሮ በየቤተ መቅደሱ ስንቆም አልወረደችም። ውሃው እንዳይውጣቸው እየተነቀሉ ከፍ ያለ ቦታ የተተከሉትን ዓምዶች ከወንበሯ ሳትነሣ አየት አድርጋ ትተዋቸዋለች። ጭኗ ላይ የሸክላ ጎድጓዳ ሳህን አለ። እግሯ ሥር ውሃ የሞላ ጀሪካን። እኔ አልጠየቅኳትም። የኛ ሰው በበዓል ቀን በሙታኑ ራስጌ ሳህን ውሃ ይሞላል።

የሚጠይቀው ዋጊህ ነው፣ አስጎብኚው፣ የካይሮ ልጅ።

«ሐጃ፣ ይሄን ሁሉ መንገድ ውሃ ተሸክመው የመጡት ሐይቅ ላይ ሊጨምሩ ነው? ግድቡ ሞልቶ እንዳይፈስ!»

«እናትህ ካይሮ ስትሄድ ስንቅ አትቋጥርልህም?»

«ትቋጥርልኛለች።»

«ካይሮ ዳቦ የለም እንዴ?»

ዋጊህ ይስቃል። ከዚያ መሳቁን ይተዋል።

«እናትዎ እዚህ ናቸው?»

«ከውሃው ሥር። መንደራችን በማዶ በኩል ነበር። ግድቡ ሊሞላ ነው ተብለን ልንነሣ ስንል ሰው ሁሉ መቃብር ሄዶ ሳህኑን ሞላ። እኛን ልጆቹን ግን ቀድመው መርከብ ላይ ጭነውናል። አባቴ የእናትሽን ሞልቼዋለሁ ይላል። አክስቴ ደረቁን ነው የተውከው ትለዋለች። ሲጨቃጨቁ ኖረው ሲጨቃጨቁ ሞቱ።»

«ማንን አመኑ?» እላታለሁ።

«ቀን ቀን አባቴን። ማታ ማታ አክስቴን።» ጉልበቷን በእጇ ታሻለች። «ዘንድሮ ይሄ ጉልበት እሺ ብሎኛል። ለከርሞ እንጃ። ቦታውን አሳየኝ፣ ሪየስ።»

ውሃውን አየዋለሁ። ከዚህ እስከ ምዕራቡ አሸዋ ድረስ አንድ ዓይነት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ተመላልሼበታለሁ፤ ከሥሩ የቱ ጋ ምን እንዳለ ግን አላውቅም። አሁን ማወቅ ፈለግኩ።

«መቃብሩ ራስጌ ተቀምጠው ምን ይታይዎት ነበር?»

ሐጃ ናብራ ዓይኗን ትጨፍናለች።

«ምሽጉ። ምሽጉ ላይ ያለው የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ። ከግድግዳው ኋላ ሹል ተራራ አለ፤ እሱ አይታይም። ራስጌዋ ስቀመጥ ግድግዳው ይጋርደዋል። ወደ ጎረቤታችን መቃብር ፈቀቅ ስል ብቅ ይላል። ስመለስ ይደበቃል። ድብብቆሽ እጫወት ነበር፣ ልጅ አይደለሁ?»

ቀና ብዬ አያለሁ። ተራራው ከግድግዳው በላይ ወጥቶ ይታያል፤ እኛ ከፍ ብለናል። ግራና ቀኙ ግን የድሮው ነው። ግድግዳው ከተራራው ሥር ልክ በመካከል የሚቆምበት መስመር አለ። የእናቷ መቃብር ከምሽጉ እስከ ማዶ ከሚዘረጋው ከዚያ መስመር አይወጣም።

እነግራታለሁ።

«መስመሩ ላይ የቱ ጋ?»

«እሱን እርስዎ ይንገሩኝ። ከወንዙ ይርቅ ነበር?»

«የውሃ መሳቢያው መንኮራኩር ሲያቃስት ይሰማኝ ነበር።»

«መንኮራኩርማ ሁለት መንደር አልፎም ይሰማል።»

«እንግዲያው መስመሩን በሙሉ አጠጣዋለሁ» ትላለች፣ የጀሪካኑን ክዳን እየፈታች።

ዋጊህ ሰዓቱን ያያል። ጣሊያኖቹ ፀሐይ ሳትጠልቅ አቡ ሲምበል መድረስ አለባቸው፤ ለዚያ ነው የመጡት። ማዶ ደርሶ መመለስ ቀኑን ይበላዋል። አፉን ይከፍታል። እኔ እጠብቃለሁ፤ ጉዞው የሱ ነው።

«ተራራው የቱ ነው?» ይላል።

አሳየዋለሁ። ወደ ጀልባዋ ኋላ ሄዶ፣ ግድግዳው ከተራራው ሥር እንዳይዛነፍ ሊጠብቅ ፊቱን ወደ ምሽጉ አዙሮ ይቆማል። የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ምዕራብ አዞራለሁ። ሞተሩን ዝቅ አደርጋለሁ።

«ወደ ግራ፣ ሪየስ። ግራ!»

«በማን ግራ?»

«በኔ! አይ፣ በእርስዎ ቀኝ!»

«አንተ ልጅ፣ ዞረህ መቆምህን አትርሳ!»

ጣሊያኖቹ ይስቃሉ። አንዷ ሽማግሌ ምን እንደሆነ ትጠይቀዋለች። ዓይኑን ከግድግዳው ሳያነሣ በቋንቋቸው ይነግራታል። ካሜራዋን አንገቷ ላይ ትተወዋለች። አጠገቡ ቆማ እሷም ታነጣጥራለች።

ሐጃ ናብራ የጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ልጇ ከጀሪካኑ ወደ ሳህኑ ይቀዳል፤ እሷ ከሳህኑ ወደ ሐይቁ ታፈሳለች። እንደ ክር ታቀጥነዋለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጸሎት መስሎኝ ጆሮዬን እጥላለሁ። ጸሎት አይደለም። ለእናቷ አዲሱ ቤት የት እንደሆነ እየነገረቻት ነው፤ ከቦዩ ወዲህ፣ ከመስጊዱ ኋላ፣ በሩ ሰማያዊ ነው።

ምሽጉ ያንሳል። ነፋስ ይነሣል፤ ጀልባዋን ወደ ጎን ይገፋታል፤ ዋጊህ ይጮኻል፤ እመልሳታለሁ።

ልጇ ጀሪካኑን ደፍቶ ይነቀንቀዋል፤ ጠብታ የለም። ወደ እኔ ያያል። ዳርቻው ገና ሩቅ ነው።

ወደ ኋላ ዞር እላለሁ። ዋጊህም አይቷል። አንድ ነገር ሊል ይመስለኛል። ፊቱን ወደ ግድግዳው ይመልሳል።

«ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ሪየስ» ይላል።

መሪውን አዞራለሁ። ሐጃ ናብራ ባዶውን ሳህን እንዳዘነበለች ናት።