የጡት ወገን

ይሄ የሆነው ጣሊያን ሳይገባ ነው፣ ልጆቼ፤ መቱ ገና በጫካ መሐል የተበተኑ ጎጆዎች ሳለች።

አቶ ገብረ መድኅን ገረዳቸውን ወርቅውሃን ለነጋዴው ለአምባዬ በበቅሎ ሊለውጧት ቃል ሰጥተዋል። ያኔ ሰው በበቅሎ ይለወጥ ነበር፤ ያሳፍራል፣ ግን ነበር። በቅሎዋ ደጅ ታስራለች። ወርቅውሃ ጓዳው በር ላይ መሬት መሬቱን ታያለች። ሚስትየው ፈትለወርቅ «ተዉልኝ» ብላ ለምና ለምና እንቢ ብለዋታል። አንድ ልጃቸው ወንድይራድ ጎሬ ለትምህርት ሄዷል፤ አልነበረም።

ግቢው ውስጥ አውሬና ወፍ የሚሰበስብ ፈረንጅ ያርፍ ነበር። ምሳ ላይ የሌሊት ወፍ ይዞ ገባ።

«ይሄ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ወፍ ነዋ! ስሙስ ምን ይላል?» አለ አምባዬ።

ፈረንጁ ክንፏን ገለጠ። ልጇ ጡቷ ላይ ተጣብቋል።

«ጥንት በእኛ አገር እንስሳን በእግሩ ቆጥረው ‹ባለ አራት እግር› ይሉ ነበር። አንድ ሊቅ እግሩን ተወና በጡት ሰየመ፤ ‹ማማሊያ› አለ። ማማ በላቲን ጡት ነው። ላሟም፣ ጉሬዛውም፣ እኛም፣ ጡት የጠባ ሁሉ አንድ ወገን ነው።»

«ጋሼ ገብረ መድኅን፣ ከሌሊት ወፍ ጋር ተዛመዱልን!» አምባዬ በሳቅ ፈረሰ።

ያኔ እኮ በሴት ፊት ጡት ተብሎ አይጠራም። ፈትለወርቅ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እንደተሸፈነች፣

«የእኛም ልጅ የጡት እናት አለችው» አለች።

«ምን አልሽ?»

«እርስዎ ያን ሁሉ ዓመት ቡሬ ኬላ ላይ ሳሉ፣ ጡቴ ደረቀ። ወንድይራድን ያጠባችው ወርቅውሃ ናት። አፍሬ ደበቅሁዎት።»

የጨዋ ልጅ በገረድ ጡት! ገብረ መድኅን ከእንግዳ ፊት ቀና ማለት አቃታቸው። ግን ያጠባች እናት ናት። የልጁን እናት በበቅሎ የለወጠ ሰው በየትኛው ደብር ሊቆም ነው?

«አምባዬ» አሉ አቀርቅረው፣ «በቅሎህን ፍታ።»

ወሬው ከገበያ ገበያ ዞረ። ሁሩሙ ገበያ ላይ ሴቶቹ «ጡተ ደረቋ መጣች» ሲሉ ፈትለወርቅ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ስባ ታልፋለች። እስክትሞት በዚሁ ስም ተጠራች፤ አንድም ቀን መልስ አልሰጠችም።

ወርቅውሃ መጀመሪያ ወደዚያ ግቢ ስትመጣ፣ ሮጦ በሩን የከፈተላት ጡት ከተወ ዓመታት ያለፉት፣ የፊት ጥርሱ የወለቀ ወንድይራድ ነበር።