መርዶ አይጻፍም

በምታስተዳድረው የቴሌግራም ግሩፕ የገባውን መልእክት ስታየው የሰብለወንጌል እግር በስፌት መኪናው መርገጫ ላይ እንዳለ ቆመ። «የሺዬ፣ አባትሽን ነፍስ ይማርልን። እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላል። ከሥሩ የበራ ሻማ ሥዕል አለበት። የጻፈችው ዓለሚቱ ናት። የሺና ዓለሚቱ ሁለቱም የጋፋት ልጆች፣ ሁለቱም ዓረብ አገር የሰው ቤት ሠራተኞች ናቸው።

ጫን አድርጋ ከሁሉም ስልክ ላይ አጠፋችው። ቀጥላም ዓለሚቱ በግሩፑ ውስጥ እንዳትጽፍ፣ እንዳትናገር ዘጋችባት።

«ምነው እታለም?» አለ ደሳለው። የየሺ ታላቅ ወንድም ነው። ጎህ ሲቀድ ከጋፋት በእግሩ መጥቶ፣ ጋቢውን እንደተከናነበ ሱቋ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። የመጣው ሊለምናት ነው፤ የሺ ኮንትራቷን ጨርሳ እስክትመለስ የአባቷ ሞት እንዲደበቅላት።

«ዓለሚቱ ጻፈችው።»

«ማን ነገራት?»

«እናቷ ትሆናለቻ። ቀብር አልመጣችም?»

«የጋፋት አፍ!» ደሳለው ራሱን ያዘ። «የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ወሬው ባሕር ተሻገረ።»

«የታቦር እህቶች» የሚባለውን የቴሌግራም ግሩፕ ሰብለወንጌል የከፈተችው ከዓረብ አገር በተመለሰች ሰሞን ነው። ከዚህ አካባቢ የሄዱ ሴቶች ይሰባሰቡበታል። ስድብ የለበትም፤ በሃይማኖት መነካካት የለበትም፤ ደላላ ከገባ ወዲያው ይባረራል። ከሁሉ የጠበቀው ደንብ ግን መርዶ አይጻፍም የሚለው ነው። አገር ቤት መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ጎረቤት ደጅ ተሰብስቦ የሚነገረው፣ ሰው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ እንዳያጣ ነው። እሷ የእናቷን ሞት ያነበበችው በሰው አገር፣ የጋለ ካውያ በእጇ እንደያዘች ነበር። ካውያው የወደቀበት ጠባሳ ዛሬም እግሯ ላይ አለ።

ስልኳ ጮኸ። የሺ ለብቻዋ ጽፋላታለች። «ሰብልዬ፣ ዓለሚቱ ስሜን ጠርታ የጻፈችው ምን ነበር? ልከፍተው ስል ጠፋ።»

«ስለ ሌላ የሺ ነው በያት» አለ ደሳለው። «የሺ እንደሁ ሞልቷል።»

«ነገ አባቴን አገናኙኝ ስትልስ?»

«ታሟል እንላለን።»

«ከነገ ወዲያስ?»

ደሳለው የጋቢውን ጥለት ያፍተለትል ጀመር። «አራተኛ ፎቅ ላይ ናት እኮ። በረንዳውን በስልክ አሳይታኛለች። ብቻዋን ሆና ስትሰማ... እኔ ሁለት ቀብር አልችልም፣ እታለም።»

«ብቻዋን ባትሆንስ?»

«ማን አላት እዚያ?»

ዓርብ ነው። ዓርብ የየሺ አሠሪዎች አርፍደው ይተኛሉ። ሰብለወንጌል እዚያው ሕንፃ፣ ከታች ባለው ቤት ወደምትሠራው የደብረ ታቦር ልጅ ደወለች።

«ዙለይካ፣ የሺ ዘንድ መውጣት ትችያለሽ?»

«ምን ሆነች?»

«አባቷ።»

«ኢና ሊላሂ...» ዙለይካ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ማዳም ሳትነሣ ቆሻሻ ልጣል ብዬ እወጣለሁ።»

«ምንም እንዳትነግሪያት። አጠገቧ ሁኚ ብቻ።»

ለየሺ ደግሞ «ዙለይካ እየመጣች ነው፤ ክፈቺላትና ኩሽና ወለሉ ላይ ተቀመጡ» ብላ ጻፈች። ይህን ስትጽፍ ከላይ ዓለሚቱ ለብቻዋ የላከችላት መልእክት ብቅ አለ፦ «ምን አጠፋሁ? አብሬያት ያደግሁ አይደለሁም? እኔ ካላለቀስኩላት ማን ሊያለቅስላት ነው?» ደሳለውን ቀና ብላ አየችው። እሱ መሬት መሬቱን እያየ፣ «በይ ንገሪያት» አለ።

በግሩፑ ሁሉም በድምፅ የሚገናኙበትን መስመር ከፈተች፤ «ኑ» ብላም ጻፈች።

የሐሙሲቷ ልጅ ገባች። የአንበሳሜዋ ገባች። ስም ከስም ሥር እየተደረደረ መጣ። እንደምን አደራችሁ ያለ የለም። የአንዷ ቧንቧ ይንጠባጠባል፤ ሌላዋ ያዘለችው የሰው ልጅ ይነጫነጫል።

«ሃሎ?» የየሺ ድምፅ ነው። «አላችሁ? እንደምን አደራችሁ?»

ዝም።

«ሰብልዬ፣ ይሄ ሁሉ ሰው በማለዳ ለምን መጣ?»

የጋፋት ልጅ ናት። ሰው በማለዳ ደጅ ላይ ሳይናገር ሲቆም ምን ይዞ እንደሚመጣ ታውቃለች።

«ዙለይካ፣ እጄን ለምን ያዝሽኝ?... አባቴ ነው?»

«አዎ፣ እህቴ» አለች ሰብለወንጌል።

የወጣው ጩኸት መሃል ላይ ታፈነ፤ ጨርቅ ውስጥ እንደገባ ያህል። «ቀስ፣ ቀስ በይ፣ ይነሣሉ» ትላለች ዙለይካ እያለቀሰች። የሺ ያለችው በሰው ቤት ነው፤ ለአባቷ እንኳ ጮኻ ማልቀስ አትችልም።

ሰብለወንጌል የስሞቹን ድርድር ወደ ታች ሳበች። ከሁሉም በታች ዓለሚቱ ገብታለች፤ ከስሟ ጎን የተዘጋ ድምፅ ምልክት አለ። ጣቷ ለጥቂት ምልክቱ ላይ ቆመ። ከዚያ ከፈተችላት።

ዓለሚቱ የሟቹን ስም በጋፋት የለቅሶ ዜማ ጠርታ አወጣችው፤ ሌሎቹም ተቀበሏት።

ደሳለው ከበርጩማው ተነሣ። ሰብለወንጌል ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ በርጩማው ላይ አኖረችው፤ እሱም ጋቢውን አፉ ላይ አድርጎ ከፊቱ መሬት ላይ ተቀመጠ።