የአልጋ ሰባት ደም

ላቦራቶሪ ቴክኒሻኗ ሦስት ጊዜ ቆጠረች፤ ሦስቴም ያው ነው። ዕጢ በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው በማግስቱ በሽታ ተከላካይ ሕዋሳቱ ይቀንሳሉ፤ ይህን ስታይ ዓመታት አልፈዋል። የአልጋ ሰባቷ ባለ ካንሰር ግን ሕዋሳቷ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ከነበሩት እጥፍ ሆነው ቁጭ አሉ።

«አላልኩሽም?» አለ የሰመመን ሐኪሙ እጁን እያፋተገ። በወገብ በኩል የሚሰጠውን አዲስ ማስታገሻ ያስመጣው እሱ ነው፤ መጀመሪያ የተሰጣትም ለአልጋ ሰባት ነው። «የድሮው ሕመሙን ሲያስተኛ፣ የሰውነትን ዘበኞችም አብሮ ያስተኛል። የኔው ግን ይኸው!»

ለቴክኒሻኗ አልተዋጠላትም። ሰውየው ስለዚህ መድኃኒት ማውራት ከጀመረ ምሳ ሰዓት ያልፋል፤ እንዲህ የጓጓ ሰው የደም ብልቃጥ ቢለውጥስ? ታላቅ እህቷ ሰኞ ለዚሁ ቀዶ ሕክምና ትገባለች። ከሁለቱ ማስታገሻ የትኛው ይሻለኛል ብላ የጠየቀችው ደግሞ እሷን ነው። እናት ሆና ያሳደገቻት እህት ናትና ነገሩ እንቅልፍ ነሳት።

በሁለተኛውም ቀን እጥፍ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ቴክኒሻኗ ጋወኗን ለብሳ ራሷ ዋርድ ወጣች።

«የሷን ደም የሚቀዳው ባሏ ነው» አለቻት ነርሷ። «ጡረታ የወጣ ድሬሰር ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ መርፌ ሲወጋ የኖረ። ከኦፕራሲዮኑ በፊት እኔ ስወጋት ጩኸቷ ጣሪያ ሊነቅል ነበር። በሱ እጅ ግን ጭጭ!»

ሽማግሌው በዚያ ሙቀት ወፍራም ካፖርት ደርበዋል።

«የኔ ልጅ፣ እጁ እንዴት ለስላሳ መሰለሽ!» አለች ሚስትየው ከትራሷ ቀና ብላ። «መወጋቴም አይታወቀኝ!»

«አንቺ ደግሞ፣ ሰው ፊት አታሞግሺኝ» አሉና መጋረጃውን ሳቡ። «ዞር በሉልን እስቲ፣ ሰው ሲያያት ትፈራለች።»

ጥቂት ቆይተው ብልቃጡን ይዘው ወጡ። ፊታቸው ገርጥቷል። አስታማሚ መሆን ቀላል አይደለም፣ አለች ቴክኒሻኗ በሆዷ። ትኩሱን ብልቃጥ ከእጃቸው ተቀብላ፣ ለማንም ሳትሰጥ ላቦራቶሪ ገባች። የሰመመን ሐኪሙ ከጠዋት ጀምሮ ከኦፕራሲዮን ክፍል አልወጣም።

ያም ሆኖ እጥፍ!

ሐኪሙን በከንቱ አማሁት ብላ አፈረች፤ ከዚያ ደስታው አሸነፋት። ስልኳን አነሳች።

«እትዬ፣ በአዲሱ ይሁንልሽ።»

«አንቺ ካልሽ እሺ። ዛሬውኑ እፈርማለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ምሥራቹን ይዛ ዋርድ ተመለሰች። ሚስትየው ተኝታለች። ሽማግሌው ካፖርታቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው የሻይ ኩባያ ያጥባሉ።

«አባባ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ደሟ ጤነኛ ነው፤ እንዲህ ያለ ደም አይቼ አላውቅም።»

«ተመስገን!» አሉ በእፎይታ። «ያን ሁሉ ደም በኦፕራሲዮን ፈሷት፣ ደግሞ በየቀኑ ይቀዳ ስትሉ አንጀቴን በልታኝ ነበር።»

ኩባያውን መደርደሪያው ላይ ሊሰቅሉ ግራ ክንዳቸውን ሲዘረጉ፣ ሦስት ትንንሽ ፕላስተሮች ተደርድረው ታዩ።