የሙላቱ ጥንቃቄ

ቀኑን ወይም ማን ምን እንዳለ ላምታታ እችላለሁ፤ ዕድሜዬ ገፍቷል። የማስታውሰውን ግን ሳልጨምር አስቀምጣለሁ። የተሳሳትኩት ካለ ይቅር በሉኝ።

ሙላቱ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ትዳር ያልያዘ ሰው ነው። ኦበርን ከተማ በሚገኝ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ መኪና፣ ፎርክሊፍት ይነዳል። እዚሁ አሜሪካ፣ ሲያትል ከእህቱ ከባየሽ ጋር ይኖራል። በየዓመቱ ገና ሲያልፍ፣ ዝናቡ ሲያንገሸግሸው፣ ባሕር ማዶ ወዳለች አንዲት የባሕር ዳርቻ ከተማ ይሄዳል። የውጭ አገር ወንዶች ወደዚያች ከተማ የሚሄዱት ለመዋኘት ብቻ አይደለም።

ስለዚያ ቦታ መጻፉ ራሱ ይቀፋል። ሙላቱ በስልኩ የሚያሳየን ቪዲዮ ነበረው። ሸበቶ ሽማግሌዎች በቁምጣ፣ የልጅ ልጃቸውን የምታህል ልጅ ወገብ ይዘው፣ ላብ በላብ ሆነው ይጨፍራሉ። አንዱ የጠጣውን ደረቱ ላይ እያንጠባጠበ ይስቃል። ያንን ያየሁ ዕለት ምሳዬን መብላት አቃተኝ።

ባየሽን የሚያስፈራት ግን ሌላ ነገር ነበር። አምና ከጎረቤታችን ከተማ ከታኮማ የሄደ አንድ ሰው እዚያው ባሕር ዳርቻ ሆቴል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። አብራው ያመሸች ሴት መጠጡ ውስጥ የሆነ ነገር ጨምራበት ነው ተባለ። ባየሽ ደግሞ ከሙላቱ ሌላ ወንድም የላትም።

ዘንድሮ መሄጃው ሲቃረብ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እነሱ ቤት ተሰበሰብን። ሚኪም ነበር። ሚኪ ጎረቤታቸው ነው፤ ታክሲ ይነዳል፣ አፉ አያርፍም።

«ይቅርብህ፣ ሙሌ» አለች ባየሽ። «እነዚያ ከይሲዎች አንድ ቀን ሬሳህን ይልኩልኛል።»

«ኧረ ባዩ! ቡክ አድርጌያለሁ እኮ። ደግሞስ እኔ ሞኝ ነኝ? ድሮ አሳላፊ ጠጁን በመዳፉ ሳይቀምስ ለጌታው ይሰጥ ነበር? እኔም እንደዚያው ነኝ። ብርጭቆዬን አቀብላትና ‹መጀመሪያ አንቺ ቅመሽ› እላታለሁ።»

«ሶ፣ ከንፈሯን ብቻ አስነክታ ብትመልስልህስ?» አለ ሚኪ።

«ያ መቅመስ አይባልም። ግማሹን እስክታወርደው ቁጭ ብዬ አያታለሁ።»

«በዚህ ዓይነት አንተ መቼ ልትጠጣ ነው፣ ጋሼ?»

ሁላችንም ሳቅን። እኔም በልቤ፣ እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ክፉ አያገኘውም አልኩ።

«የአምናዋን አላሳየኋችሁም?» አለና ስልኩን አዞረልን። አንዲት ልጅ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ አፏን ከፍታ፣ ሶፋ ላይ ተዘርራለች። «እኔን ላሰክር ብላ መጥታ ራሷ ግንድ ሆነች! የአቻምናዋም እንዲሁ ናት። እንቅልፋም ሁላ!»

ባየሽ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። «ምነው እፍረት እንኳ ቢኖራት! ባዕድ ሰው ፊት እንዲህ ይተኛል?»

የዘንድሮዋ ሠርካለም ትባላለች። ያገራችን ልጅ ናት፤ እዚያው ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች። ከሙላቱ ጋር በስልክ ነው የተዋወቁት። ባየሽ ካላየኋት አለችና ቪዲዮ ኮል ተደረገ። ልጅቷ ሃያ አምስት ቢሆናት ነው። የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

«እትዬ፣ አይስጉ» አለች። «ቢመላለስም ለአገሩ እንግዳ ነው። እኔ እጠብቀዋለሁ።»

ስልኩ ሲዘጋ ባየሽ ፊቷን አጨፈገገች። «አፏ ማር ነው። አዎ ትጠብቀዋለች፤ ድመት አይጥ እንደምትጠብቀው!»

በሚሄድበት ቀን ልሰናበተው ሄድኩ። ባየሽ ሻንጣውን ትዘጋለች።

«የእንቅልፍ ክኒንህን ይዘሃል?»

«ይዣለሁ። አውሮፕላን ላይ ያለሱ ዓይኔ አይከደንም።»

«አንተ?» አለ ሚኪ፤ ኤርፖርት የሚያደርሰው እሱ ነበር። «እኔ መኪና ውስጥ ቀበቶህን ሳታስር አይደል የምታንኮራፋው?»

ሙላቱ ሳቀና ሻንጣውን ይዞ ወጣ።

መጀመሪያ ላይ በየቀኑ ይደውል ነበር። ከዚያ ዝም አለ። ባየሽ የሠርካለምን ቁጥር ሞከረች፤ እሱም ተዘግቷል።

«በላችው!» አለች። «በልታው ጠፋች!»

ሚኪ ሙላቱ ያረፈበት ሆቴል ደወለ። በእንግሊዝኛ ብዙ ከተናገረ በኋላ ወደ ባየሽ ዞረ።

«ክፍሉን ፖሊስ አሽጎታል። መጠጥ ውስጥ መድኃኒት ተጨምሮ ነበር አሉኝ። ወደ ሆስፒታል የተወሰደ ሰው አለ። ስም ስጠይቃቸው፣ አንናገርም ብለው ዘጉብኝ።»

ባየሽ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሰው መጣ፤ ቤቱ ሞላ። የመጣው ሁሉ ሠርካለምን ረገመ። ያገራችን ልጅ መሆኗ ይበልጥ አስጸየፈን። አንዲት ሴትዮ ስሟን እንኳ ልጠራው አልፈልግም ብላ ተፋች። ፎቶዋን በቴሌግራም በተኑት፤ ከሥሩም «ወንድሞች፣ ከዚህች እባብ ተጠንቀቁ» ተብሎ ተጻፈበት። ፎቶው እኔም ስልክ ላይ ገባ። ለማየት ስለቀፈፈኝ አጠፋሁት።

ባየሽ ቲኬት ቆረጠች። ሻንጣዋ ውስጥ ጥቁር ልብስ ስትከት አየኋት።

«በሕይወት ካላገኘሁት እንኳ፣ አጽሙ ከእነዚያ አውሬዎች መሃል አይቀርም» አለች።

ለመጨረሻ ጊዜ ወሬ የሰማሁት የቅበላ እሑድ ነው፤ ባየሽ ከዚያው ደውላ ነበር፦ ሙላቱ ጤነኛ ነው፣ ታስሯል፤ ያልነቃችው ሠርካለም ናት።