ከመርገጫው ላይ የታሰረው ሲባጎ

ሚጣ ዝም ስትል አሥራ ሁለተኛው ኮሌታ ላይ ነበርኩ። ቀኝ እግሬ የስፌት መኪናውን መርገጫ ይረግጣል፤ ከመርገጫው ላይ የታሰረው ሲባጎ ደግሞ አጠገቤ ያለውን አልጋዋን ይስባል። ስረግጥ አልጋው ወደ እኔ ዘንበል ይላል፣ ሳላላ ወደ ግድግዳው ይመለሳል። በአንድ እግር ሁለት ሥራ። የሃያ ቀን ልጁን በስፌት መኪና የሚያስተኛ አባት ከእኔ ሌላ የት አለ እያልኩ ራሴን ሳሞግስ ነበር።

ሚስቴ የወለደችው በኦፕራሲዮን ስለሆነ ስፌቷን ልታሳይ ሆስፒታል ሄዳለች። ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ፣ "ሰፊዬ፣ አዋላጇ ያለችውን እንዳትረሳ። በጀርባዋ፣ ያለ ምንም ትራስ። በእጅህ ቀስ አድርገህ ታወዛውዛታለህ፣ ስትተኛ ትተዋለህ" አለችኝ።

"ሂጂ ባክሽ! ለሰው ሁሉ የምሰፋ ሰውዬ አንዲት ልጅ ማስተኛት ያቅተኛል?" አልኳት።

ኮቴዋ ከደጅ እንደጠፋ ሲባጎውን አሰርኩ። ሰኞ ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ ሃያ ዩኒፎርም ይጠብቀኛል። ሚጣ ደግሞ አስቀምጫት ዞር ባልኩ ቁጥር ቤቱን በጩኸት ታናጋዋለች። መርገጫው አልጋውን ሲስበው ግን ነጠቅ እያደረገ ነው፤ ልጅቷ ወደ ጎን እየተንሸራተተች ከጣውላው ጋር ተጋጨች። ምን ይደረግ? ከብጣሽ ጨርቅ የሰፋሁላት ትራስ ነበር፤ እናቷ "ስታድግ ትተኛበታለች" ብላ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠችው። አውጥቼ በጎኗ ወሸቅኩት።

ዝም ስትል ደስ አለኝ። ይሄን መደበቅ አልችልም፣ ደስ አለኝ። እንዲያውም እንዳትነቃብኝ ብዬ ፈጠን ፈጠን አድርጌ ረገጥኩ፤ ማፏጨትም ጀምሬ ነበር።

አሥራ ሦስተኛው ላይ ክሩ ተበጠሰ። መኪናው ሲቆም ቤቱ ጭጭ አለ። ክሩን በመርፌው ላስገባ ጎንበስ ስል ዓይኔ አልጋው ላይ አረፈ። ወደ ጎን ዞራ ተንሸራታለች፤ አፍና አፍንጫዋ ትራሱ ውስጥ ገብቷል።

እንዴት እንዳነሳኋት አላውቅም። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ አንገቷ ክንዴ ላይ ልፍስፍስ አለ። "ሚጣ! ሚጣዬ!" የውስጥ እግሯን አሸሁ፣ ጀርባዋን አሸሁ፣ ፊቷ ላይ እፍ አልኩ። ምን ያህል እንደቆየን እንጃ። የሰው ወገብ በዓይኔ የምለካ ሰውዬ ያንን መለካት አልቻልኩም። ከዚያ ደረቷ ዘለለ፣ አየር ሳበች፣ ጮኸች።

ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አብሬያት አለቀስኩ። ፊቷ ሲቀላ፣ ደህና ናት አልኩ። ደህና እንድትሆንልኝ ስለፈለግኩ ነው ያልኩት። ከዚያ በአንድ እጄ እንዳቀፍኳት በሌላው መቀሱን አንስቼ ሲባጎውን ቆረጥኩ፤ ትራሱን ከዩኒፎርሞቹ ሥር ሸጎጥኩ። ለልጄ አይደለም፤ ለራሴ ነው የቸኮልኩት።

ብዙም ሳትቆይ ሚስቴ ገባች።

"ውይ፣ ሲያምርባችሁ!" አለች፤ ሆዷን ደግፋ ወንበሩ ላይ በቀስታ ተቀመጠች።

"ስፌትሽስ?"

"ድኗል። አዋላጇ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? 'ባልሽ ሰፊ ነው ስላልሽን እንዳያማን ተጠንቅቀን ነው የሰፋንሽ።'" ሳቅ ስትል ቁስሏ ቆነጠጣትና ፊቷን አጨማደደች። "ተራ ለያዙት ሴቶች ሁሉ አወራሁልህ። ባሌ ሥራውን ትቶ በእጁ ነው የሚያስተኛት ብዬ። አንዷማ፣ 'እስቲ ለሳምንት አውሺኝ' አላለችኝም!"

መሳቅ ነበረብኝ፣ ሳቅኩ።

"ምነው ዓይንህ ቀላ?"

"የጨርቅ ብናኝ ነው።"

አመነችኝ። ብናኝ ዓይኔ ውስጥ ሳይገባ የሚውልበት ቀን ስለሌለ፣ ሳትጠራጠር አመነችኝ። ምነው ባላመነችኝ ብዬ ተመኘሁ።

ሚጣ ደረቴ ላይ ትተነፍሳለች። አንዱን ትንፋሽ ስትጨርስ ቀጣዩ እስኪመጣ የእኔ ይቆማል። አዋላጇ አሁን ብታያት ምን ትል ይሆን? ግን እኔ ካልተናገርኩ ማንም አያያትም። ሚስቴ ዘንድ ጥሩ ባል እንደሆንኩ እንድቆይ ልጄ ሳትታይ ልትውል ነው፤ ልትውል ከቻለች።

ሚስቴ ጎንበስ ብላ የግራ ጫማዋን ማሰሪያ ፈታች።

"አታውልቂ" አልኳት።

"ምን?"

"ጫማሽን አታውልቂ። አብረን እንመለሳለን። ሚጣን ማሳየት አለብን። አልጋውን ከመኪናው ጋር አስሬ ስሰፋ... ትራሱንም አስገብቼባት ነበር። ታፍና አገኘኋት። እስትንፋሷ ጠፍቶ ነበር።"

ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ተነስታ ልጅቷን ከእጄ ወሰደች፤ ጆሮዋን አፍንጫዋ ሥር አስጠግታ ወደ በሩ አመራች። ቀድሜ ልከፍትላት ስል በትከሻዋ ገፍታ ከፈተችው። የግራ ጫማዋ ማሰሪያ ወለሉን ይጠርጋል። "እንዳትወድቂ" ልላት ፈለግኩ፤ በምን አፌ?

የበሩ ደፍ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። ሳታየኝ ግራ እግሯን ወደ ኋላዋ፣ ወደ እኔ፣ ዘረጋች።

ተንበረከክኩ። ስንት ሺህ ጊዜ ክር የቋጠረው እጄ አንዷን ማሰሪያ መቋጠር አቅቶት እንደገና ሲጀምር፣ ሚስቴ ከራሴ በላይ የልጃችንን ትንፋሽ ድምፅ አውጥታ ትቆጥር ነበር።