ሰሌኑን ማንም አላነሳለትም

"ሎሳ፣ ይሄን ሰውዬ አንቺ ነሽ ያመጣሽው?" አለቻት የሙዚየሙ ኃላፊ በሹክሹክታ።

ሎሳ ዞር አለች...

አዳራሹ መሃል አንድ ሰው ተንበርክኳል። ከራሱ እስከ እግሩ ስስ ሰሌን ተከናንቧል።

የተንበረከከው ከሲያኦሲ ምስል ፊት ለፊት ነው።

ሲያኦሲ የሎሳ ታላቅ ወንድም ነበር። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ኦክላንድ ውስጥ መኪና ገጭቶ ገደለው። ያኔ እሷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች።

ዛሬ ሰዓሊ ናት... የወንድሟን መልክ በእናቷ አሮጌ ሰሌኖች ላይ ስላ ለእይታ አቅርባለች።

"እኔ አላመጣሁትም" አለች። "አንዱ አርቲስት ይሆናላ። በሰው ኤግዚቢሽን መክፈቻ ራሱን ሊያስተዋውቅ..."

"የእናንተ የሳሞአዎች የይቅርታ ሥርዓት አይደል ግን?"

"ነው። በዳይ ሰሌን ተከናንቦ ይንበረከካል። ተበዳይ ይቅር ካለ ያነሳለታል። ጥሩ አድርጎ ነው የተወነው።"

ሰው ከቦ አጨበጨበ... አንዱ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ሰልፊ ተነሳ።

ሰውየው ንቅንቅ አላለም።

ሎሳ በአጠገቡ ስታልፍ ከሰሌኑ ስር ሲያስል ሰማችው። ቆም አለች... ወዲያው ጋዜጠኛ ጠራት፤ ሄደች።

አዳራሹ ሲዘጋ ጥበቃው "አባባ፣ በቃ" ብሎ ደግፎ አስነሳው። ሰሌኑን እንደተከናነበ ወጣ።

በአምስተኛው ቀን ጥቁር የለበሰች ወጣት መጣች።

"እትዬ ሎሳ እርስዎ ነዎት?"

"ነኝ።"

"ላጊ እባላለሁ። ባለፈው እዚህ የተንበረከከው አያቴ ነው... ኤኔሊኮ።"

ሎሳ ስሙን ታውቀዋለች።

ያ ስም እናቷ እስክትሞት ድረስ ቤታቸው ውስጥ እንዳይነሳ የከለከለችው ስም ነው።

ወንድሟን የገጨው ሹፌር ስም...

"ከእስር ሲወጣ እናንተ ሰፈሩን ለቃችሁ ነበር። ቀሪ ዕድሜውን ሙሉ ሲፈልጋችሁ ኖረ። ጋዜጣ ላይ የወንድምዎን ምስል ሲያይ ነው 'አገኘኋቸው' ያለኝ።"

"አሁን የት ነው?"

"ትናንት ቀበርነው።"

"...ስለ እኔ ምን አለ?"

"'አይታኛለች፤ አላነሳችልኝም። እውነቷን ነው' አለ። ከዚያ በኋላ እህል አልቀመሰም።"

"እኔ እኮ... እውነተኛ መሆኑን አላወቅኩም።"

"እሱም ያንን አላወቀም" አለችና ልጅቷ ወጣች።

ሎሳ ያን ቀን ማን መሆኑን ብታውቅ ኖሮ ታነሳለት እንደነበር፣ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለችም።

ወዳጆቼ... የአባቶቻችንን ሥርዓት ግድግዳ ላይ ሰቅለን እናደንቃለን። ሰው ሆኖ ፊታችን ሲንበረከክ ግን ትርኢት መስሎን እናልፋለን። "ማን ነህ?" ብሎ መጠየቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

እናንተ በሎሳ ቦታ ብትሆኑ፣ ከሰሌኑ ስር ማን እንዳለ እያወቃችሁ... ታነሱለት ነበር? እውነቱን ጻፉልኝ።