ወለተ ሚካኤል ያነበበችው ታርጋ

ሩዝ ነጋዴው ዓለምነህ ከወረታ ወጣ ብሎ፣ አስፋልቱ ዳር ካለ የሩዝ ማሳ ውስጥ ወድቆ ተገኘ። መኪና ገጭቶት አምልጧል። በእግሩ መሄድ ከጀመረ ገና ዓመቱ ነው፤ ለጤናዬ ነው ይል ነበር። የገጨውን ያየ ሰው አልተገኘም።

የቀበሌው ሽማግሌዎች አውጫጭኝ ጠሩ። በዚያ አገር ደም ፈሶ አየሁ የሚል ከጠፋ አገሬው ሁሉ ከዋርካው ሥር ይቀመጣል። የሚያውቅ እስኪናገር ድረስ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም።

የኋላሸት የሚባል ገበሬ ገና ከመቀመጡ ማጉረምረም ጀመረ።

«እኛ እዚህ ተጎልተን ወፉ ሩዜን ጨረሰው እኮ!»

«ዝም በል» አሉት የደብሩ ቄስ አባ ገብረ ሐና። «ወፉስ የበላውን አይክድም።»

ሰው ሳቀ። ወለተ ሚካኤል አልሳቀችም።

ከይፋግ መጥታ እህቷ ቤት የተጠጋች ሴት ናት። ካቻምና በጥር፣ ከይፋግ ገበያ መውጫ ላይ፣ አንድ ፒክአፕ አንድያ ልጇን መባን ገጭቶ አመለጠ። የሾፌሩን መልክ አላየችም። ታርጋውን ግን አንብባዋለች። አረንጓዴ ነው፤ ኮድ ሦስት፣ አማራ፣ ከዚያ ቁጥሩ። ያን ጊዜ ብትናገር የሰማት የለም።

«ያዘነች እናት ቁጥር አታነብም» አሏት የይፋግ ፖሊሶች። «ሌላ ምስክር አምጪ።»

ሌላ ምስክር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ስትፈትልም፣ ስታርምም፣ ውኃ ስትቀዳም ቁጥሩን በአፏ ታኝከዋለች።

ዓለምነህን በስም እንኳ አታውቀውም። በተገጨበት ቀን በእህቷ ጓሮ ሽንኩርት ስትኮተኩት ውላለች፤ መኪና የሚባል አላየችም። ነገር ግን ከዋርካው ሥር ተቀምጣ የሰዉን ፊት ስታይ አንድ ነገር ገባት። ለልጇ ደም ያላመናት ሰው ለባዕድ ደም ያምናታል።

ተነሣች።

«እኔ አይቻለሁ» አለች።

አባ ገብረ ሐና መስቀላቸውን ይዘው ቀረቧት።

«ከሟቹ ትዛመጃለሽ?»

«የለም አባቴ፤ አላውቀውም።»

«ከባለመኪናው ጋርስ ጠብ አለሽ?»

«ስሙን አልሰማሁ፣ መልኩን አላየሁ።»

ቄሱ ወደ ሰዉ ዞሩ። «ምስክር ማለት እንግዲህ እንዲህ ነው! የምትጠላው የላት፣ የምትወደው የላት።»

መስቀሉን ስማ ማለች።

ቃሏን የተቀበላት መርማሪ ሳጅን አብዱልአሊም ነበር። ቁጥሩን ሳትደናቀፍ ስትነግረው ብዕሩን አስቀምጦ አያት።

«እናቴ፣ የሚበር መኪና ታርጋ እንዴት ብለው ያዙት?»

«አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ።»

«እኔ ኮሌጅ ጨርሼ የራሴን ሞተር ታርጋ አላስታውሰውም።»

«አንተማ ላዩ ላይ ተቀምጠህ ነው የምትሄደው። ታርጋ የሚያነብ ከኋላ የቀረ ነው።»

ሳጅኑ ፈገግ ብሎ ጻፈ።

ታርጋው ባለቤቱን ለማውጣት ብዙ አልቆየም። በላይነህ ይባላል፤ ወረታ ውስጥ የሩዝ መፈልፈያ አለው። የፒክአፑ የፊት መከላከያ ተጣሞ ተገኘ።

«ሐሙሲት መንገድ ላይ በሬ ገጭቼ ነው» አለ በላይነህ።

የበሬው ባለቤት አልተገኘም። ዓለምነህ የሞተ ጊዜ የት ነበርክ ሲሉት፣ ርብ ወንዝ አጠገብ ብቻዬን ጭቃ ይዞኝ ነበር አለ። ያየውም የለም። ከዓለምነህ ጋር ስንገዛዛ ስንሸጣሸጥ የኖርን ወዳጆች ነን፣ እንዴት ገጭቼ ጥዬው እሄዳለሁ ብሎ አለቀሰ። ልቅሶውን ያመነለት አልነበረም።

መታሰሩን በሰማች ዕለት ወለተ ሚካኤል ጠግባ በላች። እህቷ ደነገጠች፤ መባ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስትበላ አላየቻትም።

ፍርድ ቤት የገባችው የምስክርነት ተራዋ ሲደርስ ብቻ ነው፤ እስከዚያ ከውጭ አግዳሚ ላይ አስቀመጧት። ስትገባ በላይነህን ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። ቀጭን፣ ጆሮው ተለቅ ያለ ሰው ነው። ግራ የተጋባ ይመስላል። ማስመሰሉን ይችልበታል አለች በልቧ። ከተፈረደበት በኋላ ወህኒ ቤት ድረስ ሄዳ አንድ ቃል ልትነግረው አስባለች፤ የልጇን ስም። በምን እንደታሰረ ያን ጊዜ ይገባዋል። እስከዚያ ግን ግራ እንደተጋባ ይቆይ።

ተፈረደበት።

ከችሎቱ ደጃፍ ላይ የዓለምነህ እህት እየሩስ እግሯ ላይ ወደቀች።

«የወንድሜን ደም አወጣሽልኝ! እግዜር የልጆችሽን ዕድሜ ያርዝምልሽ!»

ወለተ ሚካኤል አነሣቻት፤ ጉንጯንም ሳመቻት። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን እየጠረገች ወደ ደረጃው ሄደች። ደረጃው ላይ የበላይነህ ሚስት ሠርካለም መንገዱን ዘግታ ቆማለች።

«ምን በደልንሽ እትዬ? ንገሪኝ፣ ምን በደልንሽ?»

«ባልሽን ጠይቂው። ካቻምና በጥር፣ ይፋግ ገበያ ላይ፣ በዚያ መኪና ያደረገውን ጠይቂው።»

«ካቻምና በጥር?» ሠርካለም አፍጥጣ አየቻት። «ካቻምና እኛ ምን መኪና ነበረን? ያን መዘዘኛ የገዛነው ዓምና በግንቦት አይደለም እንዴ!»

«ትዋሺያለሽ።»

«ማርያምን አልዋሽም!»

ወለተ ሚካኤል የደረጃውን ብረት ያዘች።

«ከማን ነው የገዛችሁት?»

ሠርካለም እያለቀሰች ወደቆመችው ወደ እየሩስ በአገጯ ጠቆመች።

«ከወንድሟ ነዋ! ከሟቹ፣ ከዓለምነህ።»